በቡና አልጋ ላይ የተሰጣው አምባዛ

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ታሪኩን የሰሙ ሰዎች ሁሉ ጀግና ሊያደርጉኝ ስለሚፈልጉ ነው። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ብርድ ልብስ ውስጥ የምገባ፣ ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ሲፈጥን የሹፌሩን ትከሻ ጨምድጄ የምይዝ ሴት ነኝ። ስፈራ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ዝም አልልም፤ እለፈልፋለሁ። እናቴ "የዚች ልጅ ፍርሃቷ ምላሷ ላይ ነው" እያለች ጎረቤት ታስቅብኝ ነበር። ያን ቀን ሊያስገድለኝ የነበረውም ያተረፈኝም ይኸው ምላሴ ነውና ከእሱ ብጀምር አይከፋም።

ስሜ ሰዓዳ ነው። አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት አንዱ ነው፤ ኋላ እርሻውን ትቶ መቱ ገበያ ውስጥ የስፌት መኪናውን ተከለ። እኔ መቱ ተወለድኩ፣ መቱ ተማርኩ። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እያወራሁ ስላደግሁ፣ አንዱ የት አብቅቶ ሌላው የት እንደሚጀምር አስቤው አላውቅም። ባዮሎጂ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ከቆየሁ በኋላ፣ የሶርን ወንዝ ዓሣ የሚያጠና አንድ ቡድን አገሩንና ቋንቋውን የምታውቅ የመስክ ሠራተኛ ሲፈልግ ተቀጠርኩ።

የቡድኑ ዋና ነገር አንድ ማሽን ነበር። ርዝመቱ የሰው ክንድ ሁለት እጥፍ ቢሆን ነው፤ ድፍን፣ ግራጫ፣ ከፊቱ አንድ የመስታወት ዓይን ያለው፣ ከኋላው ትናንሽ ማራገቢያዎች የሚሽከረከሩበት። ውሃ ውስጥ ስትለቁት ማንም አይነዳውም፤ ራሱ ይጠልቃል፣ ራሱ ድንጋይ ይሸሻል፣ በአጠገቡ የሚያልፈውን ዓሣ በካሜራና በድምፅ ሞገድ እየለየ ይቆጥራል። ሥራውን ሲጨርስ ብቅ ይልና በሞባይል ኔትወርክ "እዚህ ነኝ" ብሎ ምልክት ይልካል። ዓሣ አጥማጆቹ "ወንዙ ባዶ እየሆነ ነው" ይሉ ነበር። አንዱ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ ውስጥ የሚበትኑትን ይረግማል፣ ሌላው ከእርሻ የሚታጠበውን አፈር ይከሳል፤ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ገብቶ ያየ ግን የለም። ማሽኑ የመጣው ያንን ሊያይ ነው። መልኩም ጠባዩም አምባዛ ዓሣ ስለሚመስል አምባዛው እንለው ነበር።

ማሽኑን የገጣጠመው ዮናስ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን አንድም የኦሮምኛ ቃል አያውቅም፤ አምባዛውን ደግሞ ከወለደው ልጅ አይለየውም። ውሃ ውስጥ ሲገባ "ቻው" ይለዋል። እኔም እየሰማሁ እስቃለሁ።

ወንዙ ዳር ያሉ የምንሠራባቸው መንደሮች ማሽኑን ያውቁት ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ሰብስበን አሳይተናቸዋል። ችግሩ የመጣው ያለ ወቅቱ ዝናብ የጣለ ጊዜ ነው። ሶር በአንድ ሌሊት ሞላ፤ አምባዛው ቁልቁል ተወሰደ፤ ምልክቱም ጠፋ። ለቀናት ወንዙን ተከትለን ፈለግነው፣ የለም። ዮናስ ምግብ እንቢ አለው። ከዚያ አንድ ጠዋት መቱ ቁርስ እየበላን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ካርታው ላይ ነጥቧ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ግን ያለችው ወንዙ ላይ አይደለም። ከወንዙ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ እግራችን ረግጦት በማያውቅ መንደር ውስጥ ነች።

"አምባዛህ ዳገት ወጥቷል" አልኩት እየሳቅሁ።

ዮናስ እንቁላሉን ጥሎ ተነሣ።

በሚኒባስ ሁሩሙ ከተማ ደረስን። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ሁልጊዜ ከእኛ ጋር የሚዞረው የቀበሌ ሰው ገበያው መሃል ማሩን ዘርግቶ ይሸጣል። "ከሰዓት በኋላ አብሬያችሁ እወርዳለሁ፤ ያን መንደር ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሰሞኑን ሰው ደንግጧል" አለን። እውነቱን ነበር። በዚያ ሰሞን ተጣለ ስለተባለ ቦምብ የማይወራበት ሻይ ቤት አልነበረም፤ እንግዳ ያየ ሁሉ ሁለቴ ያያል። ዮናስ ግን "ባትሪው ካለቀ ምልክቱ ይጠፋል፤ ዳግም አናገኘውም" ብሎ ተቁነጠነጠ። እኔም አሳዘነኝ። ሄድን።

በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር መንገዱ ስንወርድ ደስ ብሎናል፤ ዮናስ ያፏጫል። መንደሩ ስንደርስ ግን ጭር ብሏል። ውሻ እንኳ አልጮኸብንም። አንድ ጎጆ ዞር ስንል፣ የመንደሩ ሰው በሙሉ ግማሽ ክብ ሠርቶ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ አየን። የሚያዩት የቡና አልጋ ነው። ለማታውቁት፣ የቡና አልጋ ማለት በእንጨት ቋሚዎች ላይ ሽቦ ተወጥሮ እሸት ቡና የሚሰጣበት ነው፤ በዚያ አገር የረጠበ ነገር ሁሉ፣ ጋቢ ይሁን ጫማ፣ ማረፊያው እሱ ነው። በቀዩ ቡና መሃል፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የኛ አምባዛ ተጋድሟል።

"ያውና! ያውና የኔ ልጅ!" ብሎ ዮናስ በአማርኛ እየጮኸ ሮጠ።

የጠመንጃ መቀባበል ድምፅ ሰማሁ። 

"ቁም!" አለ አንድ ሰው። ዱጋሳ የሚባል የመንደሩ ሚሊሻ ነው፤ ክላሹን ዮናስ ደረት ላይ ደግኗል። ዮናስ እጁን ሰቅሎ ባለበት ደረቀ። እኔም ሳላውቀው ሰቅያለሁ። ስልካችንን ተቀማን፤ መሬት ላይ አስቀመጡን።

"የናንተ ነው?" አለኝ ዱጋሳ። ከዚህ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ ለዮናስ በሹክሹክታ እተረጉምለታለሁ።

"የኛ ነው። ዓሣ የሚቆጥር ማሽን ነው፤ ውሃው ወስዶብን…"

"ቦምብ ነው።"

"ወላሂ አይደለም! ካሜራ አለው፣ ይዋኛል፣ ትልቁን ከትንሹ ይለያል፣ ዓሣውን አይነካውም፣ ዝም ብሎ ያየዋል…" ለፈለፍኩ። በለፈለፍኩ ቁጥር ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። እንኳን እነሱ፣ እኔም ራሴን ስሰማው ውሸት መሰለኝ። ሰው የማይነዳው፣ ውሃ ውስጥ የሚሄድ፣ ዓይን ያለው ነገር!

"ዓሣ ተቆጥሮ ምን ይሆናል?" አለች ከኋላ አንዲት ሴት። ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ ሞተ።

"ከየት ነሽ?" አለ ዱጋሳ።

"ከመቱ።"

"አባትሽስ?"

ምላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳሰረ። ለምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል። "መቱ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው" አልኩ።

"ከዚያ በፊትስ?"

"ከወሎ… በሰፈራ የመጣ ነው።"

ማጉረምረም ተነሣ። ተወልጄ ባደግሁበት አገር እንደዚያ ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ቀና ብዬ ዱጋሳን ሳየው የጠመንጃው አፈሙዝ ይንቀጠቀጣል። ከኔ ባልተናነሰ ፈርቷል። ይህን ሳይ ይበልጥ ፈራሁ።

ሰው መንገድ ለቀቀና ኦቦ ጉደታ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ። በመንደሩ ነገር የሚበርደው በእሳቸው ነው። ፊቴ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡና፣ ጠመንጃው ዝቅ እንዲል በእጃቸው ብቻ አሳዩ። ዱጋሳ ዝቅ አደረገ።

"ማነው ያገኘው?" አሉ።

ለሜሳ የሚባል ጎልማሳ ወደፊት ወጣ። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የቡናው አልጋ የእናቱ የአዴ ዲንቂቱ ነው። ትናንት ወንዙ ሲጎድል መረቡ ውስጥ አገኘው። "ይንቀሳቀሳል፤ ይጮሃል፤ ትልቅ አምባዛ መስሎኝ ደስ አለኝ" አለ። "አምባዛ ከመረብ ሳታወጣው ጭንቅላቱን ካልመታኸው ያመልጥሃል። በመጥረቢያ ጀርባ ደጋግሜ መታሁት። ዝም አለ። ሳወጣው ብረት ነው። ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁና፣ ይድረቅ ብዬ ቡናው ላይ አሰጣሁት። ጤዛ እንዳይነካው ላስቲክ አለበስኩት። ዛሬ ጠዋት ቀይ መብራት ሲያበራ ነው ሰው የጠራሁት።"

"ምን አለ?" አለ ዮናስ።

ተረጎምኩለት። መሃል ላይ እጄን ያዘው። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ።

"መታው? ውሃ ገባው? ከዚያ ፀሐይ ላይ በላስቲክ?"

"ምነው?"

"ሰዓዳ፣ ውስጡ ሊቲየም ባትሪ ነው።" ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "የስልክ ባትሪ አብጦ ሲነድ አይተሽ አታውቂም? ያ በመቶ ሲባዛ ነው። ውሃ ከገባው በውስጡ ለቀናት ሊብላላ ይችላል። ሙቀት ካገኘ ደግሞ… ፈንድቶ ይነዳል። ማንም ሊያጠፋው አይችልም።"

"መቼ?"

"አላውቅም። አሁን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።"

ወደ ቡናው አልጋ አየሁ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነች። ሌላው ሰው እንደራቀ ነው፤ አዴ ዲንቂቱ ግን ለቡናቸው ሰግተው ከአልጋው አጠገብ ቆመው፣ የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ እያደረጉ ከሥሩ ያለውን ቡና በእጃቸው ያገላብጣሉ። ልጃቸው ለሜሳ ቋሚውን ተደግፏል።

"ልንገራቸው" አልኩ።

"እብድ ነሽ? ቦምብ አይደለም ብለሽ ስትምዪ ቆይተሽ አሁን ይፈነዳል ልትያቸው ነው? እዚሁ ይጨርሱናል። ዝም በይ። ይዘነው እንውጣ፣ ገደል ውስጥ እንጥለዋለን።"

አንባቢዎቼ፣ ዮናስ ያለው ስህተት አልነበረም። በእኔ ቦታ ሁኑና አስቡት። ዝም ካልኩ አንድ ሰው ከአጠገቡ ቆሞ ይቃጠላል። ከተናገርኩ የተከሰስኩበትን ወንጀል በገዛ አፌ አመንኩ ማለት ነው።  ከጎጆዎቹ ጀርባ ከተሰቀሉት ቀፎዎች የንቦች ድምፅ ይሰማኛል፤ ሌላ ምንም አይሰማኝም።

ኦቦ ጉደታ ከጎናቸው ካሉት ጋር ተማክረው ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እኛ ይህን ነገር አናውቀውም። አንቺንም አናውቅሽም። ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር የሚተማመነው በመሐላ ነው። ተነሺና እጅሽን በላዩ ጫኚ። 'እዚህ ውስጥ ሰው የሚገድል ነገር የለም' ብለሽ ማዪ። ከማልሽ ዕቃችሁን ይዛችሁ በሰላም ሂዱ። በሐሰት የማለ ምን እንደሚያገኘው ታውቂያለሽ፤ እሱ በአንቺና በፈጣሪሽ መሃል ነው።"

ማንም አልተቃወመም። ዱጋሳ እንኳ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ። በዚያ አገር መሐላ ማለት ጨዋታ አይደለም፤ በሐሰት የማለ ሰው ጦሱ ለልጅ ልጁ ይተርፋል ይላሉ፤ ከማለ ደግሞ ነገሩ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም።

"ከማለች እኔ እሸከምላችኋለሁ" አለ ለሜሳ። ያፈረ መሰለኝ፤ ማሽናችንን ስለመታ። "ዳገቱ ላይ ይከብዳችኋል። እስከ መኪናው መንገድ አደርሰዋለሁ።"

ለዮናስ ስተረጉምለት ዓይኑ እንባ አቀረረ። "አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ" አለኝ፤ ክርስቲያኑ። "ሂጂ። ማዪና እንሂድ።"

ተነሣሁ።  ወደ አልጋው ስሄድ ሰዉ ከፊቴ እየተከፈለ አሳለፈኝ። አዴ ዲንቂቱ ላስቲኩን ገልጠውልኝ በአልጋው ጥግ ቆሙ። ከላስቲኩ ሥር የተዘጋ ሙቀት ፊቴን ገረፈኝ፤ ከሙቀቱ ጋር ደግሞ ሽታ። ጣፋጭ ነው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ። ቡና እንደዚያ አይሸትም።

እጄን ጫንኩ። ከምድጃ የወረደ ጀበና ነው የነካሁት። ፀሐይ ያሞቀው ብረት መሆኑን ልቤ ሊያሳምነኝ ሞከረ፤ ግን ከጣቶቼ ሥር፣ ከሆዱ ውስጥ፣ ቀጭን "ስስስ" የሚል ድምፅ ይመጣል። መዳፌን ወደ ጎን ሳንሸራትት ጥላ ያለበትም በኩል እንደዚያው ይፋጃል።

"ማዪ" አሉ ኦቦ ጉደታ።

ለሜሳ ሊሸከመው እጅጌውን እየሰበሰበ ነው። አየሁት። የአንገቱን ሥር፣ ማሽኑ የሚያርፍበትን ትከሻውን አየሁት።

"አልምልም" አልኩ።

ዮናስ ቃሉን ባያውቀውም ፊታቸውን አይቶ ገባው። "ሰዓዳ!" ብሎ ጮኸ።

"ምን አልሽ?" አለ ዱጋሳ። ክላሹ ከትከሻው ወርዷል።

"አልምልም! ብምል ዋሸሁ። ሰው ለመግደል አልተሠራም፣ ዓሣ ሊቆጥር ነው የተሠራው፣ ይህ እውነት ነው። አሁን ግን ሆዱ ውስጥ እሳት አለ። ውሃ ገብቶት ባትሪው ታሟል። ይፈነዳል፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ወላሂ አላውቅም። ፈጋዳ! ራቁ! ልጆቻችሁን አርቁ! እኔን እዚሁ እሰሩኝ፣ እናንተ ግን ራቁ!"

 ዱጋሳ አፈሙዙን ወደ እኔ አዞረ። የአፈሙዙን ቀዳዳ ሳይ፣ አባቴ ማታ ቆልፎ የሚወጣው የሱቁ በር ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ትዝ አለኝ። ለአባቴ ማን እንደሚነግረው አሰብኩ። 

"አመነች! ቦምብ ነው!" አለ ዱጋሳ።

"ዝም በል" አሉ ኦቦ ጉደታ። ከበርጩማቸው ተነሥተው ትክ ብለው አዩኝ። "ብትምዪ ትሄጂ ነበር። ይህን ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"መሄድ ብቻ የሚፈልግ ሰው እንዲህ አይናገርም" አሉ ለሰዉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ከዚያ ሰውነት እንደዚያ ያለ ድምፅ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። "ሁላችሁም ወደ ዋርካው! አሁን! ልጆች ያዙ!"

ሰው ተራወጠ። ሴቶች ልጆቻቸውን እያነሡ ሮጡ። ዱጋሳ ዮናስን በአንገትጌው ይዞ ጎተተው። ለሜሳ እናቱን እየጠራ ሄደ። እኔም ልሮጥ ስዞር፣ አዴ ዲንቂቱ ወደ ኋላ ሲመለሱ አየሁ። ነጠላቸውን ዘርግተው፣ በሁለት እጃቸው ከማሽኑ ጎን ቡና እያፈሱ ነው። የዓመት ቡናቸው ነው። ማን ትቶ ይሄዳል?

"አዴ! ይተዉት!" አልኩ። አልሰሙኝም ወይም አልፈለጉም።

ለምን ወደ እሳቸው እንደሮጥኩ አትጠይቁኝ። ሰው "ደፋር ነሽ" ሲለኝ የማልስማማው ለዚህ ነው፤ እግሬ የሄደው ሳያማክረኝ ነው። ከኋላ ወገባቸውን ያዝኩ። በክርናቸው ደረቴን መቱኝ። "ልቀቂኝ! ቡናዬን!" ይላሉ። ነጠላው ተቀደደ፣ ቡናው ተበተነ፣ ሁለታችንም ተያይዘን ወደ ኋላ ወደቅን። ስወድቅ የ"ስስስ" ድምፁ ቀጭንነቱ ቀርቶ እንደሚፈላ ድስት ክዳን ሆነ። ከዚያ ነጭ ጭስ በመስታወት ዓይኑ በኩል ገፍቶ ወጣ።

ጎተትኳቸው። ስንት እርምጃ እንደጎተትኳቸው አላውቅም።

ድምፁ ጥይት ነው የሚመስለው፤ አንዴ፣ ከዚያ ተከታታይ። እሳቱ ቀጥ ብሎ እንደ ውሃ ተተኮሰ። ላስቲኩ በአንድ ጊዜ ተኮማትሮ ጠፋ፤ አልጋው ነደደ፤ የጋለ ብረት ቁራጭ ክንዴ ላይ አርፎ ሥጋዬን ጠበሰው። ጮኽኩ። አዴ ዲንቂቱ ከሥሬ ሆነው የአምላክን ስም ይጠራሉ። ለሜሳ ተደግፎት የነበረው ቋሚ ለሁለት ተሰንጥቆ ቆሟል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከእሳቱ ይብስ ነበር። ሰው ከዋርካው ሥር ወጣ። መጀመሪያ ዝም ብለው አዩ፤ ከዚያ አንድ ሰው "አላልኳችሁም!" አለ። ዮናስን በዱላ ግንባሩን ሲሉት አየሁ፤ ደሙ መነጽሩን ሸፈነው። ድንጋይ ያነሣ ነበር። ኦቦ ጉደታ በመሃል ገብተው "ሳይፈነዳ ነግራናለች! ቦምብ የቀበረ ሰው ይናገራል?" እያሉ ይጮሃሉ፤ ድምፃቸው ግን በሰው ድምፅ ተዋጠ። ዱጋሳ ወደ እኔ መጣ። መነሣት አልቻልኩም። ይኸው፣ አለቀ አልኩ።

አዴ ዲንቂቱ ተነሡ። ፀጉራቸው አቧራና አመድ ሆኗል። በእኔና በዱጋሳ መሃል ቆመው፣

"የተቃጠለው ቡና የማን ነው?" አሉ።



"የኔ ነው። መሬት ላይ የተጎተትኩትም እኔ ነኝ። እሷን መምታት ያለበት ሰው ቢኖር ቀዳሚዋ እኔ ነኝ። ከኔ በፊት እጁን የሚያነሣ ካለ ይምጣ።" ከዚያ ያልተቃጠለውን ክንዴን ይዘው እንደ ፍየል እየጎተቱ ቤታቸው ውስጥ አስገቡኝ። ለሜሳ ዮናስን ተሸክሞ ተከተለን። በሩ ተዘጋ።

ያን ከሰዓት በዚያ ቤት ተቀመጥን። ከውጭ ክርክሩ ይሰማል፤ አንዴ ይበርዳል፣ አንዴ ይግላል፤ አንድ ሰው በሩን በእግሩ በመታ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ለሜሳ ከውስጥ በሩን በጀርባው ደግፎ ቆሟል። አዴ ዲንቂቱ ቃጠሎዬ ላይ ማር ቀቡኝ። 

"ሌላው ሲሮጥ ለምን አልሮጥሽም?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ልሮጥ ነበር።"

"ታዲያ?"

"እርስዎ ቡና እያፈሱ ነበር።"

የማሩን ዕቃ ከደኑ። "ጎድኔን ሰብረሽኛል" አሉ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ስፈራ እንደምለፈልፈው፣ ፍርሃቱ መልቀቅ ሲጀምር ደግሞ ማልቀሴን አላቆምም። አብረውኝ አለቀሱ፤ የእሳቸው ለቡናው ነው።

ፖሊሶች ከቀበሌው ሰው ጋር ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። የቀበሌው ሰው ማሽኑን ከዚህ በፊት እንዳየው፣ በሌሎቹ መንደሮች ሁላችንንም እንደሚያውቁን ተናገረ። ነገሩ ረገበ። ስንወጣ ኦቦ ጉደታ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"እሳት እንዳለው መቼ አወቅሽ?" አሉኝ።

"ለሜሳ እንደመታው ሲናገር።"

"ያኔ ለምን አልነገርሽንም?"

"ፈራሁ።"

"ማንን?"

"እናንተን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። "እኛም አንቺን" አሉ፤ ከዚያ መንገዱን ለቀቁልኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተስተካክሏል። ቡድኑ ለአዴ ዲንቂቱ የቡናቸውን ካሣ ከፍሎ አዲስ አልጋ አሠራላቸው፤ ዮናስም በተቃጠለው ምትክ ሌላ አምባዛ ገጣጠመ። ዮናስ ግንባሩ ላይ ጠባሳ፣ ኦሮምኛው ላይ ጥቂት ቃላት ጨምሯል። ዱጋሳን ሁሩሙ ገበያ አንድ ቀን አግኝቼው አንገቱን ደፍቶ ሰላም አለኝ፤ እኔም መለስኩለት። አባቴ ታሪኩን እስከ ዛሬ በሙሉ አያውቀውም። ማሽን ተቃጠለ፣ እጄን ጠበሰኝ አልኩት። የወሎውን ነገር አልነገርኩትም፤ አርባ ጊዜ ሸሚዝ የሰፋላቸው ሰዎች እንደ ባዕድ እንዳዩኝ ቢሰማ ከኔ ቃጠሎ ይልቅ እሱ ያመዋል።

እኔ ግን ሥራውን አልተውኩም። ተለውጠሻል ካላችሁኝ የተለወጥኩት በዚህ ነው። ድሮ አዲስ መንደር ስንገባ ስለ ዓሣው ነበር የምንጀምረው፤ ስንት እንደቀሩ፣ ለልጆቻችሁ ምን እንደሚተርፍ፣ ማሽኑ እንዴት ጎበዝ እንደሆነ። ደስ የሚለውን አስቀድመን፣ የሚያስፈራውን ሰው ካልጠየቀ አናነሣም ነበር። አሁን ምንጣፍ አንጥፌ፣ ማሽኑን ፈትቼ፣ መጀመሪያ የማወጣው ባትሪውን ነው። "ይህ ሰው ሊገድል ይችላል" እላለሁ፤ እንዴት፣ መቼ፣ ምን ሲሆን፣ ቢያገኙት ምን ማድረግ እንደሌለባቸው። ሰው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ዮናስ ይናደዳል፤ "እንዲህ እያልሽ ማን ይፈቅድልናል?" ይለኛል።

እውነቱን ነው። ባለፈው ከጎሬ ወዲያ አንድ መንደር ሄድን። ውብ ኩሬ ነው፤ ጥልቅ፣ ጥቁር፣ ዓሣው በላዩ ሲዘል በዓይናችን እያየን ነበር። ባትሪውን አውጥቼ እንደልማዴ ሁሉንም ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ ረጅም ጊዜ ተመካከሩ። "ልጃችን፣ እውነቱን ስለነገርሽን እናመሰግናለን" አሉ። "ወደ ውሃችን ግን አታስገቡት።"

ዮናስ ባትሪውን ከእጄ ወስዶ ወደ ማሽኑ መለሰው። ማሽኑን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን። በዚያ ኩሬ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።